ከአዲስ አበባ ወጣ ብሎ በብስክሌት፦ የትኛው መንገድ ለማን ይሆናል?

ዱከም ላይ ከአንድ ጎሚስታ በር ፊት አሮጌ የአይሱዙ ጎማ ተጋድሟል። አንድ የጥር ቅዳሜ፣ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ፣ እሱ ላይ ተቀምጬ እግሬ አልታዘዝም ብሎኝ ነበር። ጠዋት ከቃሊቲ ወደ ቢሾፍቱ ስንወርድ እየዘፈንን ነው። ፔዳሉን የረገጥነው ለወጉ ያህል ነው። ሐይቅ ዳር በላን፣ ፎቶ ተነሳን፣ "ይሄማ ቀላል ነው" ተባባልን። ስንመለስ ያው መንገድ ሌላ መንገድ ሆኖ ጠበቀን። ጓደኛዬ የመጨረሻዋን ውሃ እያቀበለኝ "ሲሄዱማ ማን ይከብደዋል" አለ።

ከዚያ ወዲህ መንገድ የምመርጠው ከመመለሻው ተነስቼ ነው።

ሰው ሲጠይቀኝ "ጫካ ያለው የቱ ነው? ወንዝ ያለውስ?" ይላል። ጫካም ወንዝም በየአቅጣጫው አለ። ዋናው ጥያቄ ሌላ ነው። ከቀኑ 9 ሰዓት፣ ውሃችሁ አልቆ፣ ፀሐዩ ሲያቃጥል፣ ፊታችሁ ያለው ዳገት ነው ወይስ ቁልቁለት?

የከተማዋ አቀማመጥ ግማሹን መልስ ይሰጣችኋል። መስቀል አደባባይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ነው። በስተሰሜን እንጦጦ ከ3,000 ሜትር በላይ ቆሟል። በስተደቡብ ምሥራቅ ቢሾፍቱ 1,900 ሜትር አካባቢ ላይ ትገኛለች። ወደ ሰሜን የሄደ ሰው መጀመሪያ ይከፍላል፣ ኋላ ይዝናናል። ወደ ደቡብ የሄደ የሚዝናናው በዱቤ ነው።

እዚህ ጽሑፍ ውስጥ አምስት መንገዶችን አወዳድራለሁ፦ እንጦጦ፣ ሱሉልታና ዱርባ፣ መናገሻ ሱባ፣ መልካ ቁንጡሬ፣ ቢሾፍቱ። ሁሉንም ደጋግሜ ነድቻቸዋለሁ። አንዳንዶቹን በፍቅር፣ አንዳንዶቹን በእልህ።

መጀመሪያ መለኪያው

መመለሻውን ተናግሬያለሁ። ሁለተኛው መሬቱ ነው። አስፋልት ከሆነ ማንኛውም ሳይክል ይሄዳል። ኮረኮንች ከሆነ ቀጭን ጎማ ያለው የውድድር ሳይክል ቤት ይቅር። ከሁሉም የሚከፋው ግን መረሬ ነው። ጥቁሩ አፈር በበጋ ተሰነጣጥቆ ድንጋይ ይሆናል። አንድ ዝናብ ሲነካው ደግሞ ሊጥ ነው። ጎማው ላይ ይጠቀለላል፣ በፍሬኑና በፓራፋንጎው መሃል ይጠቀጠቃል፣ በመጨረሻ ሳይክሉን እናንተ ትሸከሙታላችሁ። ከሰኔ እስከ መስከረም አጋማሽ ከአስፋልት መውጣት የሚያምራችሁ ከሆነ ጫፉ የሾለ እንጨት ያዙ። አፈሩን ለመፋቅ ነው። እየቀለድኩ አይደለም።

ሦስተኛው መኪና ነው። ከአዲስ አበባ የሚወጡት ዋና መንገዶች ሁሉ በሲኖትራክ የተሞሉ ናቸው። ከከተማው ዳር እስክትወጡ ያለው 15 እና 20 ኪሎ ሜትር በየትኛውም አቅጣጫ ደስ አይልም። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ከቤት የወጣ ሰውና 2 ሰዓት ላይ የወጣ ሰው አንድ መንገድ ሄዱ አይባልም። የመጀመሪያው ከተማው ተኝቶ ሳለ ነው የሚያልፈው፣ ሁለተኛው ጭስ ሲጠጣ ይውላል።

አራተኛው መውጫው ነው። ካቴና ቢበጠስ፣ ቸርኬ ቢጣመም፣ ጉልበት ቢከዳ፣ በምን ትመለሳላችሁ? ሚኒባስ የሚመላለስበት መንገድ ላይ ሳይክሉ ጣራ ላይ ተጭኖ ይመጣል። ለሳይክሉ ለብቻው ያስከፍሏችኋል። ከመጫናችሁ በፊት ተነጋገሩ፣ ከወረዳችሁ በኋላ የሚደረግ ክርክር ትርፉ ጩኸት ነው።

አምስተኛው ወጪ ነው። ዋጋው በየወሩ ስለሚንቀሳቀስ ቁጥር አልጽፍም። ብር የሚበላውን ነገር ግን እነግራችኋለሁ፦ የመግቢያ ክፍያ፣ የማደሪያ፣ የመመለሻ መኪና። ምግብ በየትኛውም ይቻላል። በሶ በውሃ በጥብጣችሁ፣ ቆሎ በኪሳችሁ ከያዛችሁ ቀኑን ትውሉበታላችሁ።

ሠንጠረዥ ውስጥ የማላስገባው አንድ ነገር አለ። ጸጥታ። በየሳምንቱ ስለሚለዋወጥ የዛሬ ወር የተጻፈ ምክር ዛሬ አይሠራም። ከመሄዳችሁ ሁለት ቀን በፊት በዚያ መስመር የሚሠራ ሾፌር ጠይቁ። "እረፉ" ካለ እረፉ። ብቻችሁን አትሂዱ፣ 12 ሰዓት ሳይመታ ከተማ ግቡ።

ደግሞ ከከተማው እንደወጣችሁ ያላችሁት ኦሮሚያ ነው። "አካም ጅርቱ" ብሎ የሚያልፍ ሰውና አንገቱን ደፍቶ የሚያልፍ ሰው የሚያገኙት ፊት አንድ አይደለም። "ገላቶማ" ደግሞ ምስጋና ነው። ሁለቱ ቃላት ብዙ ውሃ አስጠጥተውኛል፣ አንድ ሁለቴም ውሻ አስይዘውልኛል።

እንጦጦ፦ ግማሽ ቀን ላለው

ከሽሮ ሜዳ እስከ እንጦጦ ማርያም ያለው ዳገት አጭር ነው፣ ግን አይምርም። ማርሹን ዝቅተኛው ላይ አድርጋችሁ፣ ትንፋሻችሁን ቆጥባችሁ፣ ሰው በእግሩ ሲያልፋችሁ ሳታፍሩ ትወጡታላችሁ። እዚህ ከፍታ ላይ የምትስቡት አየር ከባሕር ወለሉ ጋር ሲነጻጸር በሩብ ያህል ይቀንሳል፣ ጫፉ ላይ ከዚያም ይብሳል። ከውጭ አገር የመጣ እንግዳ ካላችሁ በመጀመሪያው ቀን እዚህ አታምጡት።

ከላይ ከደረሳችሁ በኋላ ሌላ ዓለም ነው። ባሕር ዛፍ፣ ጭጋግ፣ ቀዝቃዛ ንፋስ። ማርያም ቤተ ክርስቲያን ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑባት ናት። በ2013 ዓ.ም. የተከፈተው ፓርክ የብስክሌት መንገድ አለው። ንጹሕ ነው፣ መኪና የለም፣ ልጅ ይዞ ለሚሄድ የሚስማማ ነው። የድሮውን የገጠር መልክ ለሚፈልግ ግን ትንሽ ተበጥሯል። እኔ ከፓርኩ ይልቅ በሸንተረሩ ላይ ወደ ራጉኤል የሚወስደውን እመርጣለሁ።

እዚያ ላይ ስትቆሙ አንድ ነገር ልብ በሉ። ጀርባችሁና ፊታችሁ ሁለት የተለያዩ ወንዞች ናቸው። በደቡቡ ተዳፋት የወደቀ ዝናብ በአቃቂ አድርጎ አዋሽ ይገባና አፋር ምድር ይቀራል፣ ባሕር አይደርስም። በሰሜኑ የወደቀው በሙገር አድርጎ አባይ ይገባና ሜዲትራኒያን ድረስ ይሄዳል። ከታች የምገልጻቸው መንገዶችም ከአንዱ በስተቀር ሁሉም የአዋሽ ወገን ናቸው። ያ አንዱ ነው የመመለሻው መጨረሻ ቁልቁለት የሆነው።

የእንጦጦ መመለሻ በሙሉ መውረድ ነው። እዚህ ላይ አደጋው ጉልበት ሳይሆን ፍሬን ነው። አንዴ ከተማ ውስጥ ካለ አከራይ የተከራየሁት ሳይክል የኋላ ፍሬኑ ግማሽ ዳገት ላይ ተሰናበተኝ። ወደ ላይ ስትወጡ ፍሬን አይታወስም። ቁልቁል ስመለስ ሽሮ ሜዳ ድረስ በእግሬ እየገፋሁ ነው የመጣሁት። የተከራያችሁትን ሳይክል ሁለቱንም ፍሬን ጨብጣችሁ፣ ገፍታችሁ፣ ጎማው መቆሙን አይታችሁ ውሰዱ።

አምሽታችሁ አትቆዩ። ጅብ አለ።

ሱሉልታ፣ ጫንጮ፣ ዱርባ፦ የሙገር ገደል

ይህ የኔ ነው። አስቀድሜ ልንገራችሁ፣ ስለዚህ የምጽፈውን በትንሽ ጥርጣሬ አንብቡት።

ከአዲሱ ገበያ ተነስታችሁ የጎጃምን መንገድ ይዛችሁ እንጦጦን በአንገቱ ትሻገራላችሁ። ዳገቱ ረጅም ነው፣ ግን እንደ ሽሮ ሜዳው ቀጥ ብሎ አይቆምም። አንድ ሰዓት ያህል አንድ ዓይነት ትንፋሽ ከያዛችሁ ያልቃል። ጫፉን ስታልፉ የሱሉልታ ሜዳ ድንገት ይዘረጋል። ከ2,500 ሜትር በላይ ያለ ሜዳ ነው። በክረምት ውሃ ይተኛበታል፣ በጥቅምትና በኅዳር ድርቆሽ ይታጨድበታል። በዚያ ወቅት መንገዱ ሁሉ የሣር ሽታ ነው።

ሯጮቹም እዚህ ናቸው። ጠዋት በቡድን ሆነው ሲያልፉ ታያላችሁ። ኢትዮጵያ በ1949 ዓ.ም. ሜልቦርን ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሎምፒክ ስትሳተፍ ከሯጮቹ ጋር ብስክሌተኞችም ነበሯት። ይህን የምነግራችሁ ለመጽናኛ ነው፣ ምክንያቱም እዚህ ሜዳ ላይ በሳይክል ሆናችሁ በእግሩ የሚሮጥ ሰው ሊቀድማችሁ ይችላል። እኔን ቀድሞኛል። ያውም እያወራ።

ከሱሉልታ እስከ ጫንጮ መንገዱ እምብዛም አያስቸግርም። ጫንጮ ከከተማው 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እዚያ ቁርስ ብሉ፣ ውሃ ሙሉ፣ ከዚያ ወደ ግራ ተገንጠሉ። ዱርባ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ይቀራታል። የሲሚንቶ መኪና የሚመላለስበት መንገድ ነው። ጠርዙ ላይ አቧራና ጠጠር አይጠፋም። ከኋላችሁ የሚመጣውን ከባድ መኪና ስትሰሙ ኩራት አያስፈልግም፣ ወርዳችሁ አሳልፉት።

ከዚያ ምድር ያልቃል። ሜዳው እየሄደ እየሄደ በድንገት ተቆርጦ ገደል ይሆናል፣ ከታች ሙገር ይፈሳል። በመስከረም ከሄዳችሁ ከገደሉ አፋፍ ውሃ ሲወረወር ታያላችሁ። ጭላዳ ዝንጀሮዎች ገደሉ ጠርዝ ላይ ሣር እየነጩ ይበላሉ። ጭላዳ በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ ደጋ በስተቀር የትም የለም። ከአዲስ አበባ በሳይክል አንድ ጠዋት ላይ ነው ያሉት፣ እናንተ ግን እሑድን ካፌ ታሳልፋላችሁ።

ወደ ገደሉ ልውረድ ብላችሁ አትሞኙ። የወረዳችሁትን ሁሉ ትወጡታላችሁ።

መመለሻው? ሜዳው ላይ ትንሽ ትገፋላችሁ፣ የእንጦጦን ሰሜናዊ ፊት ትወጣላችሁ፣ ከዚያ ከተማው ድረስ ቁልቁል ነው። የሰሜኑ ፊት ከደቡቡ ይቀላል፣ ምክንያቱም ሜዳው ራሱ ከፍ ያለ ነው። ደክሟችሁ ቤታችሁ ቁልቁል ስትገቡ የሚሰማው ደስታ በሌላ መንገድ አይገኝም። ግን መሄድ መመለሱ 120 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ላልለመደ ሰው ይህ ቀልድ አይደለም። ጫንጮ ላይ የተመለሰም ሰው ጥሩ ቀን አሳልፏል።

መናገሻ ሱባ፦ እውነተኛው ጫካ

ባሕር ዛፍ ጫካ አይደለም የምትሉ ካላችሁ (እኔም እላለሁ) ወደ ሱባ ሂዱ። ከወጨጫ ተራራ ተዳፋት ላይ ያለ ጥንታዊ ደን ነው። ወጨጫ 3,385 ሜትር ይደርሳል። ደኑን በ15ኛው ክፍለ ዘመን አፄ ዘርዓ ያዕቆብ ከወፍ ዋሻ ደን ዘር አስመጥተው እንዳስተከሉት ይነገራል። ጥዱና ዝግባው ሰማይ ይነካል። ከፍ ስትሉ ኮሶ፣ ከዚያም በላይ አስታ ይመጣል። ጉሬዛው ነጭና ጥቁር ካባውን ለብሶ ከላይ ይገላምጣችኋል። ዕድለኛ ከሆናችሁ የምኒልክ ድኩላ ታያላችሁ። እኔ በስንት ጊዜ ሁለቴ አይቻለሁ፣ ሁለቴም ጎማ ልቀይር ዝም ብዬ በተቀመጥኩበት ነው።

መንገዱ በሁለት ይከፈላል። እስከ ሰበታ 25 ኪሎ ሜትር ያህል አስፋልት ነው፣ የጅማ መንገድ ስለሆነ መኪናው ብዙ ነው። ከሰበታ ወደ ውስጥ ደግሞ ከ15 ኪሎ ሜትር በላይ ኮረኮንች። ድንጋዩ እጅ ያደነዝዛል። ወፍራም ጎማ፣ ትንሽ ነፋሱን ቀነስ አድርጋችሁ። በየመንደሩ ልጆች ይከተሏችኋል። ቆማችሁ ሰላም ብትሉ ይሻላል፣ ስትሮጡ ጨዋታው ይጀመራል።

የሱባ ችግር መውጫው ነው። ከሰበታ ካለፋችሁ በኋላ እንደልብ መኪና አይገኝም። አንድ ነሐሴ፣ ሰው ሁሉ እየከለከለኝ፣ ሄድኩ። ስመለስ መረሬው ጎማዬን በላው፣ በጉልበት ስረግጥ ካቴናው ተበጠሰ። አንድ አባት ከማሳቸው ሆነው አይተውኝ ኖሮ "ልጄ፣ በዚህ ጭቃ በሬ እንኳ ያርፋል" አሉኝ። ልክ ናቸው። ሁለት ሰዓት ገፍቼ፣ ባዶውን የሚመለስ አይሱዙ አግኝቼ ሰበታ ገባሁ። ካቴና ማያያዣና ትርፍ የውስጥ ጎማ ሳትይዙ ወደ ሱባ አትግቡ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

ከጥቅምት እስከ ጥር ግን ከዚህ የተሻለ ቀዝቃዛ ጥላ የለም። መግቢያ ይከፈላል። መመለሻው ትልቅ ዳገት ባይኖረውም ከፍና ዝቅ ይበዛዋል፣ ኮረኮንቹም ጉልበት ይጠጣል። ደኑ ውስጥ በእግር የምትሄዱበትን ሰዓት ስትደምሩት ቀኑ ይሞላል።

መልካ ቁንጡሬ፦ የአዋሽ ሸለቆ

ከዓለም ገና የቡታጅራን መንገድ ስትይዙ መኪናው ይቀንሳል። ምድሩ ክፍት ነው፣ ጤፍና ስንዴ ነው። ከከተማው 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ አዋሽን በድልድይ ትሻገራላችሁ። ይህ አዋሽ ገና ወጣት ነው፣ እንደ ታችኛው አይደለም። እዚያው ዳር መልካ ቁንጡሬ አለ። የጥንት ሰው ከ1.7 ሚሊዮን ዓመት በላይ የኖረበት፣ የድንጋይ መሣሪያው የተገኘበት ስፍራ ነው። በ2016 ዓ.ም. ከአጠገቡ ካለው ባልጪት ጋር በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። በጎጆ ቤት የተሠራች ትንሽ ሙዚየም አለችው። ከሳይክል ወርዶ ግማሽ ሰዓት ቢያሳልፉባት አያስቆጭም። ሰው ከዚያ ሁሉ ዘመን ጀምሮ ውሃ ዳር ማረፍ እንደሚወድ ታያላችሁ።

ከዚያ ወደ ምዕራብ 12 ኪሎ ሜትር ያህል የገባ ሰው አዳዲ ማርያምን ያገኛል። ከአንድ ቋጥኝ የተፈለፈለች ቤተ ክርስቲያን ናት። ሁለት ቀን ያለው ደግሞ በዋናው መንገድ ወደ ቲያ ይቀጥላል። ቲያ ከአዲስ አበባ 85 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ሰይፍ የተቀረጸባቸው ድንጋዮች የቆሙበት። ለማደር ቡታጅራ ትሻላለች።

ድክመቱ ጥላ ነው፣ የለም። ከ6 ሰዓት በኋላ ፀሐዩ አያስቀምጥም። መመለሻውም 300 ሜትር እና ከዚያ በላይ ያስወጣችኋል። ዳገቱ አይታይም፣ ሜዳ ይመስላል። ይህ ነው ክፋቱ። "ዛሬ ምን ነክቶኛል?" ትላላችሁ። ምንም አልነካችሁም፣ እየወጣችሁ ነው።

ቢሾፍቱ፦ ሁሉም የሚጀምርበት

አምስቱንም ካየሁ በኋላ በቢሾፍቱ ላይ ያለኝ ቂም ለዝቧል። ጥፋቱ የመንገዱ ሳይሆን የኔ ነበር።

በመጀመሪያ ስለ መንገዱ። የፍጥነት መንገዱ ለሳይክል አይደለም። በቱሉ ዲምቱ በኩል እገባለሁ ብላችሁ አታስቡ። የሚኬደው በአሮጌው ነው፦ ቃሊቲ፣ አቃቂ፣ ገላን፣ ዱከም፣ ቢሾፍቱ። ከከተማው መሃል 45 ኪሎ ሜትር ገደማ። ፋብሪካ ይበዛዋል፣ ከባድ መኪና ይበዛዋል። ስለ ገጠር ውበት ለሚያስብ ሰው የመጀመሪያዎቹ 30 ኪሎ ሜትሮች ያሳዝናሉ።

ውበቱ ቢሾፍቱ ስትደርሱ ነው። ሆራ፣ ባቦጋያ፣ ኩሪፍቱ፣ ቢሾፍቱ ሐይቅ፣ ሁሉም በአጭር ርቀት ናቸው። ከሐይቅ ሐይቅ የሚወስዱት ውስጥ ለውስጥ መንገዶች ለሳይክል የተሠሩ ይመስላሉ። በስተደቡብ ዝቋላ ብቻውን ቆሞ ይታያል። 2,989 ሜትር ነው፣ አናቱ ላይ ሐይቅና ገዳም አለው። ለእሱ ሌላ ቀን፣ ሌላ ጉልበት።

ታዲያ መመለሻው? መፍትሔው ቀላል ነው፣ እኔ ዘግይቼ ነው የገባኝ። እደሩ። ቢሾፍቱ ለኪስ ሁሉ የሚሆን ማደሪያ አላት። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ፣ በብርዱ፣ እግር ሳይደክም ያ 400 ሜትር ከፍታ ተራ ነገር ነው። ካላደራችሁ ደግሞ ሚኒባስ ሞልቷል። በመውጫ ደረጃ ከአምስቱ አንደኛዋ ቢሾፍቱ ናት።

አጠር ብሎ

| መንገድ | ርቀት፣ መሄጃ ብቻ | መመለሻው | መሬቱ | ከባድ መኪና | ችግር ቢመጣ መውጫ | ብር የሚበላው |
|---|---|---|---|---|---|---|
| እንጦጦ | 10–15 ኪ.ሜ. | ሙሉ ቁልቁለት | አስፋልትና የጫካ መንገድ | ጥቂት | ቀላል | ትንሽ |
| ጫንጮ | 40 ኪ.ሜ. | አንድ ዳገት፣ ከዚያ ቁልቁለት | አስፋልት | መካከለኛ | ቀላል | ትንሽ |
| ዱርባ | 60 ኪ.ሜ. | እንደ ጫንጮው፣ ግን ረጅም | ጠርዙ ጠጠርና አቧራ | ብዙ | መካከለኛ | ትንሽ |
| ሱባ | 45 ኪ.ሜ. | ከፍና ዝቅ | አስፋልት፣ ከዚያ ኮረኮንች | እስከ ሰበታ ብዙ | ከባድ | መግቢያ፣ ምናልባት መኪና |
| መልካ ቁንጡሬ | 50 ኪ.ሜ. | የማይታይ ዳገት | አስፋልት | መካከለኛ | መካከለኛ | መግቢያ፣ ቲያ ከታሰበ ማደሪያ |
| ቢሾፍቱ | 45 ኪ.ሜ. | 400 ሜትር ከፍታ | አስፋልት | በጣም ብዙ | በጣም ቀላል | ማደሪያ ወይም ሚኒባስ |

ሰንዳፋንና ሆለታን ለምን ተውካቸው ትሉ ይሆናል። የሰንዳፋ መንገድ ሜዳማ ነው፣ ለእግር ማሟሟቂያ ይሆናል፣ ጫካ ግን አይጠበቅበትም። ሆለታ ለወተትና ለአስፋልት ጥሩ ነው። ከዚያ ገፍቶ አዲስ ዓለም ድረስ 55 ኪሎ ሜትር የሄደ ሰው ምኒልክ ያሠሯትን ማርያምን አይቶ ይመለሳል። ሁለቱም አያስከፉም፣ ግን ከአምስቱ አንዱን አስትተው እነሱን የሚያስመርጡ አይደሉም።

ለማን የቱ?

ሳይክል ገና የጀመረ፣ ወይም ኪሱ ሳሳ ያለ ሰው እንጦጦ ይሂድ። ግማሽ ቀን፣ ትንሽ ብር፣ የሚጠፋበት መንገድ የለም። ዳገቱ ካቃተው ገፍቶ ይውጣ፣ ማንም አይፈርድበትም።

ልጅ ወይም ሽማግሌ ያለበት ቤተሰብ ሳይክሉን በመኪና ጭኖ ቢሾፍቱ ይሂድና እዚያው በሐይቆቹ መሃል ይንዳ። ከአዲስ አበባ ጀምሮ መንዳት ለእነሱ ትርጉም የለውም።

በሳምንት ሦስቴ የሚነዳ፣ እግሩ የጠነከረ ሰው ዱርባ። ከመስከረም መጨረሻ እስከ ኅዳር። ከዚያ በኋላ ሜዳው ቢጫ ይሆናል፣ ውሃውም ይጠፋል። ሁለት ሆኖ ከመሄድ ሦስት ሆኖ መሄድ ይሻላል።

ዝምታ የሚፈልግ፣ ዛፍ የሚወድ፣ ወፍራም ጎማ ያለው ሰው ሱባ። በክረምት አይሆንም፣ በመጋቢትና በሚያዝያም የበልግ ዝናብ ሲኖር ይጠንቀቅ። ትንሽ ገንዘብ ያለው እስከ ሰበታ በመኪና ሄዶ ከዚያ ቢነዳ ከጅማ መንገድ ጭስ ይተርፋል። እኔ አሁን የማደርገው ይህንን ነው፣ አላፍርም።

ታሪክ የሚወድና ሁለት ቀን ያለው መልካ ቁንጡሬንና ቲያን ያያይዝ። ኮፍያ፣ ሦስት ሊትር ውሃ፣ ጠዋት መነሳት። ጀርባው ላይ ሻንጣ ሳይሆን ሳይክሉ ላይ ያስረው፣ ላቡ ይቀንሳል።

ሳይክሉን በየደረሳችሁበት ቆልፉ። ሙዚየም በርም ቢሆን፣ ቤተ ክርስቲያን አጸድም ቢሆን። ያልጠረጠረ ተመነጠረ።

ጓደኛዬን ባለፈው ሳምንት የትኛውን ትመርጣለህ አልኩት። አሁንም ቢሾፍቱ ነው የሚለው። ከዚያ ጥር ወዲህ የሚመለሰው በሚኒባስ ነው።